ሁሉም ደም ያለው ተቅማጥ አሜባ አይደለም

ከጥቅምት ጀምሮ በጌዴኦ፣ ይርጋጨፌ አጠገብ ባለችው ኮንጋ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም። ቡናው ቀልቶ ይጠብቃል። ማለዳ ለቀማ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እሸቱን ተሸክሞ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ መሄድ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ የመፈልፈያው ሞተር ይነሣል። ከእንጨትና ከወንፊት ሽቦ በተሠሩት የማድረቂያ አልጋዎች ግራና ቀኝ ሴቶች ተደርድረው ይቆማሉ። የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ የጠቆረውን ፍሬ ከደኅናው እየለዩ ያወጣሉ። ገዢው ዓለም «ይርጋጨፌ» ብሎ በውድ የሚወስደው ቡና ጥራቱን የሚያገኘው በእነዚህ እጆች ነው። ሥራው ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋልን ይጠይቃል፤ ሽንት ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ከአልጋዎቹ ርቆ ከግቢው ጥግ ነው የሚሠራው።

በዚያ ሰልፍ መካከል አንዲት የሃያ ስምንት ዓመት እናት አለች እንበል። የማውቃት ሴት ታሪክ አይደለም፤ በሽታው በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ለማሳየት ያሰብናት ሰው ናት። መጀመሪያ ሆዷ ላላ አለ። ቀጥሎ ንፍጥ መጣ፤ ከንፍጡ ጋር ደም። አሁን ከቤት ሳትወጣ ሦስት አራት ጊዜ ሽንት ቤት ትመላለሳለች። ሌሊት ቁርጠቱ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል። ወጥታ ተመልሳ ገና ጋደም ሳትል እንደገና ያስምጣታል፤ ስትሄድ ግን የሚወጣው ከጥቂት ደምና ንፍጥ አያልፍም። በገበያ ቀን ይርጋጨፌ ከተማ ስትሄድ መድኃኒት ቤት ጎራ ብላ፣ ዐይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች።

«እህቴ፣ ይሄ አሜባ ነው» ይላታል ሰውየው። «ሜትሮኒዳዞሉን ሰባት ቀን ሳታቋርጪ ውሰጂ፤ ውኃም አፍልተሽ ጠጪ።»

በምክሩ ውስጥ ክፋት የለም። ክኒኑን ትውጣለች፤ ደሙም ለጥቂት ቀናት ይቀንስላታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሳል። አሁን ቲኒዳዞል ትገዛለች። ቀጥሎ «ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ሲፕሮ ይጨመራል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሰገራ ምርመራው እንደገና «አሜባ» ይላል። እንዲህ እያለ አራት ወር ያልፋል። ቀበቶዋ ላልቷል፤ ዳገት ስትወጣ ልቧ ይመታል፤ ፊቷ ገርጥቷል። በሥራ ሰዓት እንዳይመጣባት ጠዋት ምንም ሳትቀምስ መውጣት ጀምራለች። ጎረቤት በሹክሹክታ ሌላ በሽታ ይጠረጥራል። ባሏ ሳይቀር ደም እንደሚያስቀምጣት አያውቅም።

አሜባን መጠርጠሩ ራሱ ስሕተት አይደለም። ንጹሕ ውኃ በበቂ ባልተዳረሰበት አካባቢ አሜባም፣ ሺጌላ የሚባለው የደም ተቅማጥ ባክቴሪያም በእውነት አሉ። ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ወደ ወንዶ ገነት አካባቢ ለሥራ ሄዶ የተመለሰ ሰው ደግሞ የአንጀት ብልሃርዝያ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስሕተቱ የሚጀምረው የመጀመሪያው ግምት ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ ሳይመረመር ሲደገም ነው።

ማይክሮስኮፑም ቢሆን የሚታመነውን ያህል አይታመንም። በሽታ አምጪው አሜባ፣ ኢንታሞይባ ሂስቶሊቲካ፣ ጉዳት የማያደርስ መንትያ አለው፤ ስሙ ኢንታሞይባ ዲስፓር ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ኤሚል ብሩምፕት ሁለቱ የተለያዩ ፍጥረታት ናቸው ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። ዳይመንድና ክላርክ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1993 እስኪያረጋግጡለት ድረስ ዓለም ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ሲያክም ኖረ። አሜባው ቀይ የደም ሴል ውጦ ካልተገኘ በቀር በተራ ማይክሮስኮፕ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ላቦራቶሪው በሰው ብዛት ሲጨናነቅ ደግሞ በመቆጣት ምክንያት ወደ ሰገራ የሚወጡት ነጭ የደም ሴሎች ራሳቸው «አሜባ» ተብለው ይመዘገባሉ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በወንጂና በአቃቂ ተቅማጥ ይዟቸው ወደ ሕክምና የመጡ ሰዎችን ሰገራ በዘረመል ምርመራ እንደገና ፈትሾ ነበር። በማይክሮስኮፕ «አሜባ» የተባለላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በሽታ አምጪው አሜባ ግን አልተገኘም። ያን ሁሉ መድኃኒት የዋጡት ያለ ጥፋታቸው ነበር ማለት ነው። ከእነዚያ መካከል የአብዛኞቹ ተቅማጥ በራሱ ጊዜ የሚያልፍ ይሆናል። ጥቂቶች ግን የማያልፍ በሽታ ያለባቸው አሉ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እነርሱ ናቸው።

በሽታው አልሰራቲቭ ኮላይተስ ይባላል፤ የትልቁ አንጀት የቁስለት በሽታ ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል፣ ጀርምን እንዲዋጋ የተሠራው ያው ሠራዊት፣ ባልታወቀ ትእዛዝ የራሱን አንጀት የውስጥ ሽፋን ያጠቃል። ሽፋኑ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል፤ ቆይቶ ይቆስላል። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚነሣው ከመጨረሻው ጫፍ፣ ከፊንጢጣ በላይ ካለው ክፍል ነው። ከዚያ ደኅና ቦታ ሳይዘል ወደ ላይ ይወጣል። በአንዳንዱ ሰው እዚያው ጫፉ ላይ ይቀራል፤ በሌላው ግራውን ጎን ይይዛል፤ በሌላው ትልቁን አንጀት በሙሉ ያዳርሳል። ዘመዱ የሆነው የክሮን በሽታ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ቦታ ሊይዝና የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ሊበሳ ይችላል፤ በእኛ አገር ከአንጀት ቲቢ ጋር የሚምታታውም በተለይ እርሱ ነው።

የሎንዶኑ ሐኪም ሳሙኤል ዊልክስ ይህን ሕመም ከተራ ተቅማጥ ለይቶ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢታወቅም መነሻ ምክንያቱ አንድ ሆኖ አልተገኘም። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለ፤ ግን አብዛኞቹ ታማሚዎች በቤተሰባቸው ውስጥ ሌላ ታማሚ የላቸውም። የአንጀት ውስጥ ተሕዋስያን፣ ምግብና አኗኗርም ድርሻ አላቸው። እዚህ ላይ ከእኛው ሰዎች የተገኘ ትልቅ ትምህርት አለ። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን (ሁሉም እ.ኤ.አ.) በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሄዱ። እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች እንደታዘቡት፣ እነዚህ የአንጀት በሽታዎች በአዲስ ገቢዎቹ ላይ እምብዛም አይታዩም ነበር፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን መታየት ጀመሩ። ደማቸው አልተለወጠም፤ ማዕዳቸው፣ ውኃቸውና ከተማቸው ነው የተለወጠው። የእኛም ከተሞች እየተለወጡ ናቸው። ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለው አባባል ለሐኪምም ለታማሚም ከእንግዲህ ወዲያ አያዋጣም።

ስለ ምክንያቱ ሌላ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም በሽታው ከኃጢአት፣ ከርግማን ወይም ከንጽሕና ጉድለት የሚመጣ አለመሆኑ ነው። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከታማሚዋ ጋር በአንድ መሶብ መብላት፣ በአንድ አልጋ መተኛት፣ ልጅ ማጥባት ምንም አያመጣም።

ከኮንጋ ወደ ምርመራው

ከኮንጋ ተነሥቶ ወደ ዲላ የሚወስደው የአስፋልት መንገድ ከእንሰቱ፣ ከቡናውና ከጥላ ዛፉ መካከል ይወርዳል። የጌዴኦ አባቶች ሦስቱን በአንድ ማሳ አስማምተው ያቆዩበት ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። መንገዱ ያማረ ነው፤ በየሰዓቱ ሽንት ቤት ለሚያስፈልገው ሰው ግን በሚኒባስ ውስጥ ያለው ጉዞ ጭንቅ ነው። ብዙ ታማሚዎች ሪፈር ወረቀታቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው የሚቀሩት በገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም፤ «መንገድ ላይ ቢመጣብኝስ?» የሚለው ፍርሃትም ያስቀራቸዋል። ከጉዞው በፊት በነበረው ሌሊት ቀለል ያለ ምግብ መብላት፣ በፊት ወንበር መቀመጥ፣ ለሾፌሩ አስቀድሞ መናገር፣ ቅያሪ ልብስ መያዝ ሊያግዝ ይችላል። ሊያፍሩበት የማይገባ ነገር ነው።

በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። የሰገራ ምርመራ በአዲስ ናሙና ይደገማል፤ የብልሃርዝያ እንቁላልም ይፈለጋል። የደም ማነስ፣ የመቆጣት ምልክት፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ይታከላል። ከዚያ ዋናው ይቀራል፤ አንጀቱን በዐይን ማየት። ኮሎኖስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ተጣጣፊ ቱቦ የሚደረግ ምርመራ ነው፤ ቱቦው በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁን አንጀት እስከ መነሻው ያሳያል። ከአንድ ቀን በፊት ታማሚው ፈሳሽ ብቻ እየወሰደ ሆዱን በመድኃኒት ያጥባል። ለምርመራው ከጌዴኦ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳና ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች መላክ የተለመደ ነው፤ ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እዚህ ላይ በቂ ትኩረት ያልተሰጠው አንድ ነገር አለ። በሽታው የሚነሣው ከታች ስለሆነ፣ ለመጀመሪያው ውሳኔ አንጀቱን ሁሉ ማየት ግድ አይደለም። ሲግሞይዶስኮፒ የሚባለው አጭሩ ምርመራ የታችኛውን ክፍል ያሳያል፤ ከዚያው ትንሽ ሥጋ ቆንጥሮ መውሰድ ይቻላል። ናሙናው በፎርማሊን ተነክሮ በመኪና ይላካል፤ ታማሚዋ በቤቷ ትቆያለች። በየዞኑ ሆስፒታል አንድ እንዲህ ያለ መሣሪያና አንድ የሠለጠነ እጅ ቢኖር ስንት አራት ወር፣ ስንት ዓመት ይተርፍ ነበር! ለእኔ ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በመሣሪያው የሚገኘው የታችኛው አንጀት ካንሰርም ነው፣ አሜባውም ነው።

ናሙናው የግድ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይገድላል። አሜባ ያለበትን ሰው «ኮላይተስ ነው» ብሎ ስቴሮይድ የሚባለውን መቆጣት አብራጅ መድኃኒት መስጠት የመከላከያ ኃይሉን አስሮ ለአሜባው አሳልፎ መስጠት ነው፤ አንጀቱ ሊበሳ ይችላል። በ1933 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የዓለም ትርዒት ጊዜ የሆቴል ውኃ ከፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ አሜባ ሲዛመት ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል፤ አሜባን የመጠርጠር ልማድ ያልነበራቸው ሐኪሞች ከሌላ የሆድ በሽታ ጋር እያምታቱ አንዳንዶቹን ለቀዶ ሕክምና ዳርገዋቸው ነበር። እነርሱ አሜባን ረስተው ተሳሳቱ፤ እኛ ደግሞ ከአሜባ በቀር ሁሉን ረስተን። ስትሮንጊሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትልም እንዲሁ በስቴሮይድ ጊዜ በመላ ሰውነት ሊሰራጭ ስለሚችል፣ አስተዋይ ሐኪም መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት እርሱንም ያስባል።

መድኃኒቱና ትዕግሥቱ

ስሙ ከታወቀ በኋላ ታማሚው የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ከባድ ነው፤ በሽታው ከሥሩ የሚነቀል ሳይሆን ተይዞ የሚኖር ነው። እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት በክትትል ይያዛል። በደንብ ከተያዘ ግን ሰው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያርሳል፣ ያስተምራል። የቀድሞው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይህ በሽታ ነበረባቸው። በ2007 ሕመሙ አገርሽቶባቸው ሥልጣን ለቀቁ፤ በተሻለ መድኃኒት ተሽሏቸው በ2012 ተመለሱ፤ በጥር 2014 አዲስ አበባም መጥተው ነበር፤ በነሐሴ 2020 ሕመሙ ሲመለስ እንደገና ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ስምንት ዓመት ያህል አንድ ትልቅ አገር የመሩት ይህን በሽታ ይዘው ነው።

ከመድኃኒቶቹ ሁሉ አንጋፋው ሰልፋሳላዚን ነው። ያገኘችው ስዊድናዊቷ ሐኪም ናና ስቫርትዝ ናት፤ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሠራችው መድኃኒት የአንጀት ታማሚዎቿንም ሲያሽል አይታ እ.ኤ.አ. በ1942 ጻፈችበት። አሠራሩ ብልህ ነው። ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ማያያዣ ተጣብቀው ይዋጣሉ፤ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ማያያዣውን ይቆርጡታል፤ ያን ጊዜ ቁስሉን የሚያበርደው ክፍል በቦታው ላይ ይለቀቃል። የዛሬው ሜሳላዚን ያው ክፍል ብቻውን የተዘጋጀ ነው። ሰልፋሳላዚን ከሌሎቹ በዋጋ ይቀላል። ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ አያስደንግጥ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ይችላል። በወንዶች የዘር ሕዋስን ቁጥር ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። የሰልፋ አለርጂ ያለበት ሰው አይወስደውም። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይሰጣል፤ በተለይ ለማርገዝ ላሰበች ሴት። እርግዝና ደግሞ በሽታው ከተኛ በኋላ ቢሆን ለእናትም ለልጅም ይሻላል፤ ያረገዘች ሴት መድኃኒቷን በፍርሃት ማቋረጧ ከመድኃኒቱ ይልቅ ይጎዳታል።

ሕመሙ ሲበረታ ከስቴሮይዶች አንዱ የሆነው ፕሬድኒሶሎን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1955 ትሩላቭና ዊትስ የተባሉ የኦክስፎርድ ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት የስቴሮይድን ጉልበት ያሳዩት በዚሁ በሽታ ላይ ነበር፤ ከእርሱ በፊት ብርቱው ሕመም ብዙዎችን ይገድል ነበር። መድኃኒቱ በቀናት ውስጥ ደሙን ስለሚያቆም ታማሚው ይወደዋል፤ አደጋውም ያ ነው። ለወራትና ለዓመታት ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ያነሣል፣ ዐይን ያደበዝዛል፣ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ይቀሰቅሳል። በድንገት ማቆምም ሌላ አደጋ ነው፤ ሐኪም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው የሚያወርደው። ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ፕሬድኒሶሎን እየገዛ ራሱን የሚያክም ሰው ካወቃችሁ ዛሬውኑ ምከሩት።

ስቴሮይድ በወረደ ቁጥር የሚያገረሽበት ሰው አዛታዮፕሪን ይሰጠዋል። እርሱ ለመሥራት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ የደም ቆጠራ በየጊዜው መታየት አለበት። እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያሉት በመርፌ የሚሰጡ አዳዲስ መድኃኒቶች ብዙ ሰው አድነዋል፤ ዋጋቸው ግን ከኮንጋ ገበሬ አቅም በላይ ነው። ቲቢ ሳይመረመርም አይጀመሩም።

ብዙ ታማሚዎች የሚወድቁት ግን በውዱ መድኃኒት እጦት አይደለም። ደሙ ሲቆም ርካሹን መድኃኒት ስለሚያቆሙ ነው። «ዳንኩ» ማለት ደስ ይላል። በሽታው ሲተኛ ግን አልሄደም፤ ጠባቂው መድኃኒት ሲነሣ ይነሣል። ጸሎትም፣ ጸበልም፣ የሽማግሌ ምርቃትም ከክኒኑ ጋር አይጣሉም፤ ክኒኑን ያስጣለ ሁሉ ግን ታማሚውን ጎድቶታል።

መዘዞቹ

ከአምስት ታማሚዎች አንዱ ገደማ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሆስፒታል የሚያስተኛ ብርቱ ሕመም ያገኘዋል። ምልክቱን ማንም ቤተሰብ ሊቆጥረው ይችላል። በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ጋር ትኩሳት፣ የልብ ፈጣን ምት ወይም ብርቱ የደም ማነስ አለ። ይህ ሲታይ ገበያ ቀን አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። እዚያም የሆድ ራጅ ወዲያው ይነሣል። አንጀቱ መኮማተር ተስኖት እንደ ፊኛ ሊነፋ ይችላልና፤ ራጁ ላይ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሰፋ ለመበሳት ተቃርቧል ማለት ነው። በዚህ ሰዓት ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን መስጠት ይህንኑ ያባብሳል። በደም ሥር የሚሰጠው ስቴሮይድ በሦስት እስከ አምስት ቀን ካልሠራ፣ ቀጣዩ ውሳኔ ቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል፤ ማመንታቱ ከቢላዋው ይልቅ ገድሏል።

ብርቱ ሕመም ደምንም ያረጋል። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ የረጋ ደም ይሆናል። ሆስፒታል የተኛ ታማሚ እየደማም ቢሆን ደም እንዳይረጋ መርፌ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ዘመድ ይህን ሲያይ ይደነግጣል፤ ሐኪሙ ቢያስረዳ መልካም ነው።

ከሦስት ታማሚዎች አንዱ ገደማ ደግሞ ሕመሙ ከአንጀት ውጭም ይታይበታል፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ዐይን ቀልቶ ብርሃን ያስፈራዋል፣ ቅልጥም ላይ የሚያም ቀይ እብጠት ይወጣል። የመገጣጠሚያውን ሕመም ለማስታገስ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መውሰድ አንጀቱን ሊያስነሣው ስለሚችል ፓራሲታሞል ይመረጣል። ጥቂቶች የሐሞት ቱቦ መጥበብ ያገኛቸዋል፤ ዐይን ቢጫ መሆንና የሰውነት ማሳከክ ምልክቱ ነው።

ዝምተኛው መዘዝ የአንጀት ካንሰር ነው። በሽታው የአንጀቱን ሰፊ ክፍል በያዘባቸውና ሳይታከም በቆየባቸው ሰዎች ላይ ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ምልክቱ ከጀመረ ስምንት ዓመት ሲሞላ፣ ታማሚው ደኅና ቢሆንም እንኳ፣ ኮሎኖስኮፒ ተደርጎ አንጀቱ መታየት አለበት፤ የሐሞት ቱቦ ሕመም ያለበት ደግሞ ስምንቱን ዓመት ሳይጠብቅ። የጀመረበትን ዓመት በካርዱ ላይ ማስጻፍ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ግን የሚያስታውሰው ሌላ ሰው የለም።

ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ትልቁ አንጀት ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ከእርሱም ጋር የአንጀቱ በሽታ ያበቃል። የሰውየው ሰገራ በሆዱ ላይ በተከፈተች ቀዳዳ ወደ ከረጢት ይወጣል፤ ወይም በተሟላ ማእከል ከትንሹ አንጀት አዲስ ማጠራቀሚያ ይሠራለታል። በከረጢት መኖር ይከብዳል፤ ከረጢቱን በየጊዜው ማግኘቱም በእኛ አገር ራሱን የቻለ ጭንቅ ነው። ግን የሚኖሩበት ሕይወት ነው።

ማዕዱ፣ ሥራው፣ ሸንጎው

«ምን ልብላ?» ከሁሉ በፊት የሚመጣ ጥያቄ ነው። የሚያድን ምግብ የለም፤ ለሁሉም የተከለከለ ምግብም የለም። ሕመሙ ሲነሣ አሰር የበዛበት ምግብ፣ ጥሬ ጎመን፣ የበርበሬ ወጥ ሆድ ያስጮኻል። በዚህ ጊዜ ጌዴኦ በጓዳው ያለው ነገር ይረዳዋል፤ ቡላ። ከእንሰት የሚወጣው ይህ ነጭ ዱቄት አሰር የለውም ማለት ይቻላል፤ በገንፎ መልክ ለደከመ አንጀት ይቀላል። ብቻውን ግን ኃይል እንጂ ፕሮቲን ስለሌለው እንቁላል፣ ዓሣ ወይም በደንብ የበሰለ ሽሮ ይከተለው። ወተት ለአንዳንዱ ይስማማል፣ ሌላውን ይነፋል፤ ሞክሮ ማየት ነው። ሕመሙ ሲተኛ ወደ ቆጮውና ወደ አትክልቱ መመለስ ይገባል፤ በፍርሃት ምግብ እያጠበቡ መኖር ደም ማነሱን ያባብሳል።

ቡናስ? በኮንጋ ይህን መጠየቅ ሰውን ከጎረቤቱ ልለይ እንደማለት ነው። ቡና በሽታውን አያመጣም። አንጀትን ስለሚያነቃቃ ግን ደም በሚያስቀምጥበት ሰሞን ሩጫውን ያበዛል፤ ያን ጊዜ መቀነስ፣ ሲሻል መመለስ ይቻላል። ከቡናው ሥርዓት መቅረት አያስፈልግም፤ አቦሉን ለሌላው አሳልፎ መቀመጥ ይቻላል።

ትልቁ ጉዳት ያለው ግን ማዕዱ ላይ አይደለም፤ ከሰው መሸሽ ላይ ነው። ሶንጎ በሚባለው የጌዴኦ ሸንጎ ተቀምጦ ነገር የሚሰማ አባት በመሃል ሦስት ጊዜ ሲነሣ ያፍራል፤ ከዚያ መምጣት ያቆማል። ተማሪ ክፍል ይቀራል። ከማድረቂያው አልጋ አጠገብ የቆመችው እናት ፈቃድ መጠየቅ ስለሰቀቃት ሥራ ትተዋለች። ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ክኒን አይደለም፤ ቅርብ የሆነ፣ በር ያለው፣ ውኃ ያለው ሽንት ቤትና «ሂጂ፣ ተመለሺ» የሚል አለቃ ነው። የማጠቢያ ጣቢያ ባለቤቶች ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ ወጪው ከአንድ የማድረቂያ አልጋ ብዙም አይርቅም ብዬ አምናለሁ። ለታመመችው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ሠራተኛ፣ ለቡናውም ንጽሕና ይጠቅማል።

ወረቀቱን በሥርዓት መያዝም የሕክምናው አካል ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ከተጓዘ ወጪው ይቀልለታል፤ ዘሎ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ከሄደ ግን ከኪሱ ይከፍላል። የኮሎኖስኮፒውን ውጤት፣ የናሙናውን መልስ፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ስም በአንድ ፌስታል አስቀምጡ። በየጉዞው ከ«አሜባ ነው» እንደ አዲስ እንዳይጀመር ያ ፌስታል ይጠብቃችኋል።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ሆይ፣ ያንኑ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ በደም ተቅማጥ ስታዩት አትሽጡለት፤ ላኩት። የጤና ጣቢያ ባልደረቦች፣ ሁለተኛው «አሜባ» ሲጻፍ ሪፈሩም አብሮ ይጻፍ። የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶች ቤት ለቤት ስትሄዱ፣ ሴቶቹ ራሳቸው አይነግሯችሁምና፣ «ደም ያስቀምጥሻል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም አንባቢዎች፣ ከአራት ሳምንት በላይ ደም የሚያስቀምጠው ወይም እየተወው የሚመለስበት ሰው በቤታችሁ ካለ፣ ሌላ ክኒን ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ፤ «አንጀቴ በመሣሪያ ይታይልኝ» ብሎ ይጠይቅ።